የግዛት እንደራሴውና የመብራት ቢሉ፦ የሜሪላንድ ልምድ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት ጠባብ ሊመስል ይችላል። በአንዲት የአሜሪካ ግዛት ምክር ቤት የተቀመጠ እንደራሴ በመራጮቹ የመብራትና የጋዝ ወጪ ላይ ምን ማድረግ ይችላል? የሚል ነው። ሆኖም በክፍል ውስጥ በንድፈ ሐሳብ የምናስተምረው የሥልጣን ክፍፍል ወርዶ በአንድ ቤተሰብ ኪስ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መከራከሪያዬን አስቀድሜ ላስቀምጥ። እንደራሴው የኤሌክትሪክን ዋጋ አይተምንም፤ የሚወስነው ዋጋው የሚተመንበትን ሥርዓትና በትመናው ጊዜ የማን ድምፅ እንደሚሰማ ነው። ይህን ልዩነት ያልለየ መራጭ ሊፈጸም የማይችል ተስፋ ይገዛል፤ ሊጠየቅ የሚገባውንም ሰው ሳይጠይቅ ያልፋል።

ምሳሌዬ ሜሪላንድ ናት። ከአገራችን የሄዱ በርካታ ወገኖች በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ ስለሚኖሩ፣ ጉዳዩ ለብዙዎቻችን የዘመድ ጉዳይም ነው። ግዛቲቱ በ47 የምርጫ ወረዳዎች ተከፍላለች፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሦስት የታችኛው ምክር ቤት አባላት ይወክሉታል። መደበኛው ጉባኤ በየዓመቱ በጥር ወር ተከፍቶ ለ90 ቀናት ብቻ ይቆያል። በተቀረው ጊዜ እንደራሴው መራጩን ያዳምጣል፤ ለመናፈሻና ለማኅበረሰብ ማእከል ግንባታ የሚውል ገንዘብ እንዴት እንደሚያስፈቅድ ያስባል፤ የክፍያ ድጋፍ ማመልከቻው ምላሽ ያጣ ቤተሰብ ሲመጣም ጉዳዩን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያቀርባል።

አሁን አንድ የሜሪላንድ የመብራት ቢል በፊታችን እንዘርጋ። በውስጡ አራት ዓይነት ወጪዎች አሉ። የመጀመሪያው የኃይሉ የራሱ ዋጋ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ማመንጨትን ከማከፋፈል ስለለየ፣ ይህ ዋጋ የሚመጣው ከጅምላ ገበያ ነው። ገበያውን የሚመራው 13 ግዛቶችንና ዋሽንግተን ዲሲን የሚያካልለው ፒጄኤም የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው የፌዴራል መንግሥት ነው። ሁለተኛው የከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፊያ መስመር ወጪ ነው፤ ይህም በፌዴራል ሥልጣን ሥር ነው። ሦስተኛው እስከ ደጃፍ የሚደርሰው ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ የሚጠይቀው ወጪ ሲሆን፣ ታሪፉን የሚያጸድቀው የግዛቲቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። አራተኛው ግብርና ልዩ ልዩ ተጨማሪ ክፍያ ነው፤ ከፊሉን የግዛቲቱ ሕግ፣ ከፊሉን ደግሞ የካውንቲ ምክር ቤት ይወስነዋል። ለምሳሌ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የራሱ የኃይል ግብር አለው። እንግዲህ ቢሉ አንድ ቢሆንም ጌቶቹ ብዙ ናቸው።

ይህ ክፍፍል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የፒጄኤም የአቅም ጨረታ ያሳያል። የአቅም ክፍያ ማለት ፍጆታ ጣሪያ በሚነካበት ሰዓት ኃይል ለማቅረብ ዝግጁ ሆነው ለሚጠብቁ አመንጪዎች አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ዋጋው ለአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ። ባልቲሞርንና አካባቢዋን በሚያጠቃልለው ቀጠና ደግሞ 466.35 ዶላር ደረሰ። ከምክንያቶቹ መካከል የአሮጌ ማመንጫዎች መዘጋት፣ የዳታ ሴንተሮች ፍላጎት ማደግ፣ እንዲሁም የማመንጫዎችን አስተማማኝነት የሚለካው ስሌት መለወጥ ይገኛሉ። በዚህ ጨረታ ላይ ድምፅ የሰጠ አንድም የሜሪላንድ እንደራሴ የለም። መራጩ በስም የሚያውቀውና ስልክ የሚደውልለት ግን እንደራሴውን ነው።

ከዚህ ቀደምም ምክር ቤቱ በቁጣ ተነሥቶ ያውቃል። በ1999ኙ ሕግ መሠረት ለዓመታት ታግዶ የቆየው ታሪፍ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲለቀቅ፣ የባልቲሞር ጋዝና ኤሌክትሪክ ኩባንያ ደንበኞች የ72 በመቶ ጭማሪ ተደቀነባቸው። ምክር ቤቱ ልዩ ጉባኤ ጠርቶ፣ የአገረ ገዥውን ተቃውሞ በድምፅ ሽሮ፣ የመጀመሪያው ጭማሪ 15 በመቶ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። የኮሚሽኑን አባላትም በዚያው ሕግ ለማሰናበት ሞከረ፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ይህን ከሥልጣኑ ውጪ ነው ሲል አገደው። የተላለፈው ጭማሪስ ምን ሆነ? በቦንድ ተሸፍኖ ደንበኛው ለዓመታት ከነወለዱ ከፈለው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንቀስማለን፦ ጭማሪን ማዘግየት ማስቀረት አይደለም፤ ተቆጣጣሪን ማባረርም ገበያን መግራት አይደለም።

እንደራሴው ታዲያ እጁ ባዶ ነው? አይደለም። ሦስት መሣሪያዎች አሉት።

አንደኛው ሕግ ነው። የኃይል ገበያው ከተከፈተ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ "ርካሽ ዋጋ" የሚሰብኩ ሻጮች በዝተው ነበር። ውሉን በውል ሳያነብ፣ ሳሩን እንጂ ገደሉን ሳያይ የፈረመ ደንበኛ ከመደበኛው ታሪፍ በላይ ይከፍል ነበር። ጉዳቱ በተለይ የጸናው በዝቅተኛ ገቢ በሚኖሩ ሰፈሮች ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለእነዚህ ሻጮች ዋጋ ከመደበኛው ታሪፍ የ12 ወር አማካይ ጋር የተያያዘ ጣሪያ አበጀ። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ እንደ ዳታ ሴንተር ያሉ ግዙፍ ተጠቃሚዎች የራሳቸው ታሪፍ እንዲዘጋጅላቸው አዘዘ፤ ለእነርሱ የሚዘረጋው መስመር ወጪ በመኖሪያ ቤቶች ላይ እንዳይወድቅ ለመከላከል ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ሕጎች የዋጋ ቁጥር አልጻፉም፤ ማን ከማን ምን ያህል ሊሰበስብ እንደሚችል ወሰን አበጁ እንጂ።

ሁለተኛው በጀት ነው። በዚሁ የ2025 ሕግ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በአማካይ 80 ዶላር ገደማ በሁለት ዙር በቢሉ ላይ እንዲመለስ ተወስኗል። ይህን ገንዘብ አላቃልልም፤ ለተቸገረ ሰው 80 ዶላር 80 ዶላር ነው። ነገር ግን ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ መንስኤውን አይነካም። በምርጫ ሰሞን ጎልቶ የሚነገረው ይኸው ተመላሽ ገንዘብ መሆኑ፣ ዘላቂው የሕግ ሥራ ደግሞ ሳይወራለት ማለፉ ያሳስበኛል።

ሦስተኛው ተሰሚነት ነው። ኮሚሽኑ የታሪፍ ጥያቄን የሚመረምረው እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ አቅርቦና አከራክሮ ስለሆነ፣ እንደራሴ "ይህን ወስኑ" ብሎ ሊያዝዘው አይችልም። በሕዝብ ችሎት ቀርቦ መናገር፣ መራጮቹንም እንዲናገሩ ማድረግ ግን ይችላል። ከሁሉ በላይ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሕዝብ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ለመኖሪያ ቤት ደንበኞች ጥብቅና ቆሞ ይከራከራል። ኩባንያው ባለሙያና ጠበቃ ይዞ ሲቀርብ ቤተሰቡም ጠበቃ አለው ማለት ነው። የዚህን ጽሕፈት ቤት ሥልጣንና በጀት የሚጠብቀው ምክር ቤቱ ነው። በእኔ እይታ፣ ለመራጩ ኪስ ከሚቆሙ ሥራዎች ሁሉ ይህ የመጨረሻው ዘላቂው ነው፤ የአንድ ዓመት ተመላሽ በአንድ ክረምት ያልቃል፣ ተከራካሪ ተቋም ግን ኩባንያው የታሪፍ ጥያቄ ባቀረበ ቁጥር ይቆማል።

በአገራችን የኤሌክትሪክ አመንጪውም አከፋፋዩም የመንግሥት ድርጅቶች ስለሆኑ የሜሪላንድን መንገድ እንዳለ ቅዱ አልልም። መጠየቂያው ግን ከእኛም ዘንድ ይሠራል። ማንም ተመራጭ ወይም ባለሥልጣን "ወጪያችሁን እቀንሳለሁ" ሲል ሦስት ነገሮችን እንጠይቀው። የትኛውን የቢሉን መስመር? በየትኛው ሥልጣን? ከአንዱ ትከሻ የወረደው ሸክም በማን ትከሻ ላይ ይወጣል? ለእነዚህ ግልጽ መልስ ያለው ሰው ሥራውን ያውቃል። መልስ የሌለው ግን፣ ልቡ ቅን ቢሆን እንኳ፣ የሚሰጠን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።