በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ስለ ምን ይበዛል?

አባቶቻችን «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ። ዛፉ ቆሞ ሳለ በጥላው ያረፈ ሁሉ፣ በወደቀ ጊዜ ምሳሩን ስሎ ይመጣል ማለት ነው። ይህ ምሳሌ በዘመናችን እንዴት እንደሚፈጸም ለማየት የሚፈልግ ሰው፣ በስልክ በመጣ የሐሰት የሥራ ማስታወቂያ ተታልሎ ገንዘቡን ወይም ነጻነቱን ስላጣ ሰው በየታክሲውና በየቡና ቤቱ የሚወራውን ያድምጥ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አታላዮቹ የሚሠሩበትን መንገድ በአጭሩ መግለጽ፣ ከዚያም ሕዝቡ በተታለሉት ላይ ለምን እንደሚፈርድና ፍርዱ ማንን እንደሚጠቅም ማስረዳት ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከመገናኛ ተነሥቶ በጉርድ ሾላና በሲ ኤም ሲ በኩል እስከ አያት፣ እንዲሁም ከገርጂ እስከ ቦሌ ቡልቡላ ባለው ሰፈራችን፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወንድም ወይም እኅት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። በ2010 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ባደረገው ጥናት፣ በአገሪቱ ከተሞች ለመሥራት ከተዘጋጀው ሕዝብ መካከል ሥራ ያላገኘው ከመቶ 19 ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸውም ከአምስት ሰው አንዱ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። ቀድሞ ሥራ ፈላጊ ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት ሰሌዳ በእግሩ ይሄድ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም እየገባ ሰውየውን ካለበት ይፈልገዋል።

የአታላዮቹ ዘዴ ብዙ መልክ ቢኖረውም በሦስት ሊመደብ ይችላል።

አንደኛው የመመዝገቢያ ገንዘብ መጠየቅ ነው። አታላዩ የታወቀ መሥሪያ ቤት ስምና ዓርማ ይሰርቃል፤ ስማቸው ከሚሰረቅባቸው መካከል በሰፈራችን የሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አንዱ ነው። ቀጥሎም «ተመርጠዋል» የሚል መልእክት ይልክና፣ ለቅጽ ወይም ለሥልጠና ጥቂት ብር በቴሌብር እንዲገባለት ይጠይቃል። ገንዘቡ ከደረሰው በኋላ ስልኩ አይነሣም።

ሁለተኛው ቀስ እያለ የሚያስገባው ነው። ሥራው ከቤት ሳይወጡ በስልክ የሚሠራ፣ ለምሳሌ ያህል ቪዲዮ እያዩ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው ይባላል። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብር በእርግጥ ይከፈላል። ሠራተኛው ባመነ ጊዜ፣ ከፍ ያለ ደመወዝ ለማግኘት መያዣ እንዲያስገባ ይጠየቃል፤ ያንን ለማውጣት ደግሞ ሌላ ገንዘብ ይጨምራል። ዓሣ አጥማጅ ትሉን ለዓሣው የሚያቀርብለት ለርኅራኄ አይደለም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ሰውየውን ራሱን የሚወስደው ነው። በታይላንድ የኮምፒዩተር ወይም የደንበኞች አገልግሎት ሥራ በጥሩ ደመወዝ አለ ይባላል። የታመነው ወጣት ከቦሌ ተነሥቶ ባንኮክ ይደርሳል። ከዚያም በመኪና ሜ ሶት ወደምትባለው የድንበር ከተማ ተወስዶ፣ የሞኢን ወንዝ ተሻግሮ፣ በምያንማር አገር በማያዋዲ አጠገብ በታጠረና በታጠቁ ሰዎች በሚጠበቅ ግቢ ውስጥ ይገባል። ፓስፖርቱ ይወሰድበታል። የሚሰጠውም ሥራ በሐሰት ስም ለማያውቃቸው የውጭ አገር ሰዎች እየጻፈ ገንዘባቸውን ማታለል ነው። እምቢ ያለና የታዘዘውን ያህል ያላስገኘ ይደበደባል፣ በኤሌክትሪክም ይሠቃያል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ እንዲህ ባለው ሥራ ተገደው የተያዙት ሰዎች በምያንማር ቢያንስ 120 ሺህ፣ በካምቦዲያም 100 ሺህ ያህል ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቷል።

ከእነዚህ መካከል የእኛ ወገኖች ብዙዎች መሆናቸው የታወቀው በ2017 ዓ.ም. ነው። ጥር 28 ቀን የታይላንድ መንግሥት ወደነዚህ የድንበር ስፍራዎች የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ቈረጠ። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 5 ቀን፣ በስፍራው ያለ አንድ የታጠቀ ቡድን ከ20 አገሮች የመጡ 260 ሰዎችን ለታይላንድ ሠራዊት አስረከበ። ከእነዚህም 138ቱ፣ ማለት ከግማሽ የሚበልጡት፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

እንግዲህ ይህ ወሬ በተሰማ ጊዜ ከሕዝቡ አፍ የወጣው ምን ነበር? ያዘነና የጸለየ ብዙ ሰው መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ሌላም ቃል ተሰምቷል። አንዳንዱ «በገዛ እጃቸው ነው» አለ። ሌላው «ያን ያህል ደመወዝ ማን በነጻ ይሰጣል? ስግብግብነት ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «እነርሱስ ሰው ሲያታልሉ አልነበረምን?» ሲል ጠየቀ። በሰፈር ውስጥ ለመመዝገቢያ ተብሎ ገንዘብ የተወሰደባት ልጅም ከዚህ የተሻለ ቃል አይጠብቃትም፤ «ተምራ እንዲህ ከሆነች ያልተማረችው ምን ትሁን?» ይባልባታል።

ይህ አነጋገር ሁልጊዜ የነበረ ልማድ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን የውጭ አገር ሰዎች ባስወጣች ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ በደላላ የተስፋ ቃል የሄዱ ነበሩ። ሆኖም በአገር ውስጥም በውጭ አገርም ያለው ወገን ስለ እነርሱ አለቀሰ፣ በየከተማውም ድምፁን አሰማ። ታዲያ ያኔ ያለቀሰው ሕዝብ ዛሬ ስለ ምን ይስቃል?

ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። በሳዑዲው ጊዜ በዳዩ በዓይን ይታይ ነበር፤ ዱላ የያዘው ሰው በሥዕልም ታይቷል። በስልክ በሚደረግ ማታለል ግን በዳዩ ስምም መልክም የለውም። የሚታየው ቁልፉን የተጫነው የተበዳዩ አውራ ጣት ብቻ ነው። ቁጣ ደግሞ የሚያርፍበት ስፍራ ይፈልጋልና፣ ሌባው ሲታጣ የተሰረቀው ይከሰሳል።

በዚህ ላይ ሊቃውንት የመረመሯቸው ሁለት የሰው ልጅ ጠባዮች ይጨመሩበታል። ሜልቪን ለርነር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ከአንዲት ባልደረባው ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ተማሪዎች አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትቀጣ እንዲመለከቱ አደረገ። ቅጣቱ የማስመሰል ነበር፤ ተመልካቾቹ ግን እውነት መስሏቸዋል። ስቃይዋን ለማስቆም ሥልጣን የተሰጣቸው ብዙዎቹ አስቆሙላት። የሚያደርጉላት ነገር የሌላቸውና ስቃይዋ እንደሚቀጥል የተነገራቸው ግን ሴቲቱን ራሷን እየናቁ፣ ጠባይዋን እየነቀፉ ሄዱ። ለርነር ይህን ሲተረጉም፣ ሰው ዓለም በፍርድ የምትሄድ መሆኗን ማመን ይፈልጋል፤ ያለ ጥፋቱ የሚሠቃይ ሰው ባየ ጊዜም እምነቱ እንዳይናወጥበት ጥፋት ይፈልግለታል ይላል። «ስግብግብ ስለ ሆነች ነው» የሚል ሰው በስውር የሚናገረው «እኔ ስግብግብ አይደለሁምና አይደርስብኝም» እያለ ነው።

ሁለተኛውን ጠባይ ባሩክ ፊሽሆፍ የተባለው ሊቅ በ1975 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ስለ አንድ የቀድሞ ዘመን ጦርነት ለሰዎች አስነብቦ፣ ለከፊሎቹ ፍጻሜውን ነገራቸው፤ ለከፊሎቹ ሸሸገባቸው። ፍጻሜው የተነገራቸው «ይህ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር» ወደማለት አዘነበሉ፤ ያልተነገራቸው ግን እንዲህ አላሉም። የእኛ ሰው ይህን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በማለት ከጥንት አውቆታል። ማስታወቂያው የሐሰት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሁላችን ብልሆች ነን። ተታላዩ ግን መልእክቱን ያነበበው ፍጻሜውን ሳያውቅ፣ የቤት ኪራይ ቀን ደርሶበት፣ ከአሥር ማመልከቻ አንድም መልስ ባጣበት ወቅት መሆኑን እንዘነጋለን።

አንዳንድ አንባቢ «ወቀሳ ለትምህርት ይጠቅማል፤ ካልተወቀሱ እንዴት ይታረማሉ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ ማስጠንቀቅ ይገባል፤ ይህም ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለበት። ማስጠንቀቂያ ግን ከጉድጓዱ በፊት የሚቆም ነው። ጉድጓድ ውስጥ ለገባ ሰው ከላይ ሆኖ መሳቅ የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሁለተኛ ቢወድቅ እንዳይጮኽ ነው።

የፌዙ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። አታላይ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ጊዜን ነው። የተላከው ብር ከሒሳቡ ወጥቶ እስኪጠፋ ድረስ ሰዓታት ይበቁታል። ተታላዩ በዚያው ሰዓት ለባንኩና ለፖሊስ ቢናገር ገንዘቡን ለማገድ ተስፋ ይኖራል። «ምን ይሉኛል?» ብሎ አንድ ሳምንት ከሸሸገው ግን ተስፋው ይሞታል፤ ያው አታላይም በያው ማስታወቂያ ጎረቤቱን ይይዛል። ያፈረ ሰው የጠፋውን ለመተካት ይበደራል፤ አንዳንዱም የቀድሞውን ገንዘብ አስመልስልሃለሁ ለሚል ሌላ አታላይ ይከፍላል። በታጠረው ግቢ የተያዘውም ወጣት ስልክ በእጁ ሲገባ ለእናቱ «ደኅና ነኝ» ብሎ ይጽፋል፤ የጎረቤት አፍ ከጠባቂው ዱላ ጋር ይመዘንበታልና። እንዲህ ሲሆን እኛ ሳናውቅ ደመወዝ የሌለን የአታላዩ ረዳቶች ሆነናል ማለት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል፣ በሽታውን እንዲደብቅ ያደረገው ሰውም መጠየቅ አለበት።

ሕግም ከፌዘኛው ጋር አይስማማም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 692 አታላይነትን ወንጀል ብሎ ሲደነግግ፣ ቅጣቱን የጻፈው ለአታላዩ ነው። በኮምፒዩተር ለሚፈጸመው ማታለል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ በሰው ለመነገድም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥተዋል። «በፈቃዳቸው ሄደዋል» ለሚለውም መልስ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1993 ዓ.ም. ያጸደቀው፣ ኢትዮጵያም ኋላ የተቀበለችው የፓሌርሞ ስምምነት፣ በማታለል የተገኘ ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቈጠርም ይላል። በዱላ ተገዶ ሰው ያታለለውም ወጣት ከአለቆቹ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የለርነርን ጥናት እናስታውስ፤ ለመርዳት መንገድ የነበራቸው ተመልካቾች ረድተዋል፣ መንገድ ያጡት ነቅፈዋል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ለወደቀ ሰው የምናደርገውን ብናውቅ፣ ምሳር የማንሣት ፍላጎታችን ይቀንሳል። አንድ ሰው ተታለልሁ ብሎ ሲነግረን በቅድሚያ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» እንበል። ቀጥለን «እንዴት አመንህ?» በማለት ፈንታ «ገንዘቡን የላክኸው መቼ ነው? ወደ የትኛው ቍጥር?» ብለን እንጠይቅ። መልእክቶቹንና የክፍያውን ማስረጃ እንዳያጠፋ እንንገረው፤ ዕለቱን ወደ ባንኩና ወደ ፖሊስ ጣቢያ አብረነው እንሂድ። የአታላዩንም ስልክ ቍጥር ለክፍል ጓደኞቻችንና ለዕድራችን እናስታውቅ። የተያዘው በውጭ አገር ከሆነ፣ ቤተ ሰቡ ያለ ኀፍረት ለፖሊስና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲያመለክት እናግዘው።

አስቀድሞ ለመጠንቀቅም የሚከተለውን እናስብ። እውነተኛ አሠሪ ደመወዝ ይከፍላል እንጂ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ አይሰበስብም። ወደ ውጭ አገር የሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛንና የመጓጓዣን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን አዟል። የጉብኝት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ስም የተጠቀሰ እንደ ሆነ፣ በማስታወቂያው ላይ ወዳለው ቍጥር ከመደወል ይልቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ በር ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። ኤጀንሲ ነኝ የሚልም ቢኖር ፈቃዱን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ማጣራት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አስቸኳይ ነው የተባለን ነገር አንድ ሌሊት ማሳደርና ለአንድ ለሚታመን ሰው መንገር ያስፈልጋል።

ይህ የመጨረሻው ምክር ግን ያለ እናንተ አይፈጸምም፤ ውድ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን። ልጅ ምክር የሚጠይቀው የማይስቅበት ሰው ያለ እንደ ሆነ ነው። ትናንት በእራት ሰዓት «ያ ሞኝ ተበላ» ተብሎ ሲሳቅ የሰማ ልጅ፣ ነገ በእርሱ ስልክ የሚመጣውን ማስታወቂያ ለማንም አያሳይም። እኛም ተማሪዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራ ፈላጊዎች ነን። በመንገዳችን ላይ የሚጠብቁን አታላዮች ስንት እንደ ሆኑ መወሰን አንችልም፤ በቤታችንና በሰፈራችን የሚጠብቁን ጆሮዎች ስንት እንደ ሆኑ ግን ከዛሬ ጀምረን መወሰን እንችላለን።