ልብ ሲጠገን ስለ አንጎል የሚመጣ የደም ወሬ

በካርቱም ከተማ ሳጃና በሚባለው ሰፈር የኖሩ ያገራችን ሰዎች፣ አማርኛ ተናጋሪውም ትግርኛ ተናጋሪውም፣ ከቤተ ሰባቸው አንዱ በልብ ሕመም ሲያዝ ወደ ሶባ መሄድን ያስቡ ነበር። በዚያ ከከተማው በስተደቡብ ኢመርጀንሲ የተባለው የኢጣልያ በጎ አድራጎት ማኅበር በ1999 ዓ.ም. የሳላምን የልብ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ከፍቶ፣ ከሱዳንም ከኢትዮጵያም ከኤርትራም የሚመጡትን ሕመምተኞች ያለ ዋጋ ማከም ጀምሮ ነበርና። ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ በልጅነት በሚገባ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው ሩማቲክ ፊቨር፣ ቫልቭ የሚባሉትን የልብ በሮች ያበላሻል።

በደጅ የሚጠብቁት ዘመዶች ፊተኛ ጥያቄአቸው ‹‹ልቡ ተጠገነ ወይ?›› የሚል ነው። ሐኪሙ ግን ሌላም ያስጨንቀዋል፤ ይኸውም ሕመምተኛው ሲነቃ እናቱን ያውቃታል ወይ የሚለው ነው። በአማርኛም በትግርኛም ‹‹ልብ በል›› ማለት አስተውል ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። አባቶቻችን ልብንና ማስተዋልን አንድ አድርገው መጥራታቸው በዚህ ሥራ ላይ ከፈሊጥነት አልፎ ይታየናል።

ልብ ተከፍቶ እንዲሠራበት መምታቱን ማቆም አለበት። በዚያ ሰዓት ደሙ ወደ ውጭ ወጥቶ በመኪና ውስጥ ኦክሲጅን ተቀብሎ ይመለሳል። ይህን መኪና በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ከተማ ዶክተር ጆን ጊቦን የ18 ዓመት ልጃገረድን ልብ ለመድፈን በሚገባ ሠራበት። ነገር ግን ከተከፈተው ልብ የአየር ዐረፋ፣ ከቁስሉ የስብ ጠብታ፣ ከደሙም የረጋ ቅንጣት ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቀዳጆቹ በቁስሉ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያፈሳሉ፤ ይህ ጋዝ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል፣ ራሱም በደም ውስጥ ቶሎ ይሟሟል። ቢሆንም ጉዳት ጨርሶ አይቀርም። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የልብ ደም ሥር የተሠራላቸውን 261 ሰዎች መርምረው በ2001 እንዳወጡት፣ ከሆስፒታል ሲወጡ ከመቶ 53ቱ፣ ከስድስት ወር በኋላም ከመቶ 24ቱ የማሰብ ችሎታቸው ቀንሶ ተገኘ። እነዚያ በዕድሜ የገፉ ነበሩና ቍጥሩን በእኛ ወጣቶች ላይ እንዳለ መጫን አይገባም።

የተኛ ሰው ስለ ራሱ አይናገርም። ስለዚህ ሊቃውንት ደሙን ሊጠይቁ ተነሡ። የልብ ጡንቻ ሲጐዳ ትሮፖኒን ወደ ደም እንደሚፈስ ሁሉ፣ የአንጎል ህዋስም ሲጐዳ የራሱን ፕሮቲን ያፈሳል። ከእነዚህ የታወቀው ኤስ መቶ ቢ ነው። ብሌክ ሙር የተባለ ሊቅ በ1965 ይህን የፕሮቲን ዓይነት ከአንጎል አወጣው፤ አሞንየም ሰልፌት በተባለው ጨው መቶ በመቶ በጠገበ ውሃ ውስጥ እንኳ ስለሚሟሟ ‹‹መቶ›› የሚል ስም ወጣለት። ከቀዶ ጥገና በኋላ በደም ውስጥ በዝቶ ሲገኝ ሐኪሞች አንጎል ተጐዳ ብለው ደነገጡ።

መልእክተኛው ግን ለሌላም ይናገር ኖሯል! ይህ ፕሮቲን በስብና በደረት አጥንት መቅን ውስጥም አለ። በቀዶ ጊዜ ከቁስሉ የተመጠጠው ደም ተመልሶ ለሕመምተኛው ሲሰጥ፣ የደረቱ ስብ የአንጎል ወሬ መስሎ ይታያል። ኤን ኤስ ኢ የተባለው ሌላው ምልክትም ከቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ስለሚገኝ፣ መኪናው ህዋሱን ሲሰብር ብቻውን ከፍ ይላል። ስለዚህ ቀዶው እንዳለቀ የተወሰደ አንድ ቍጥር ብዙ አያስረዳም፤ በማግስቱም ሳይወርድ የቀረው፣ ወይም እንደገና የወጣው ነው የሚያሳስበው። በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ጂ ኤፍ ኤ ፒን እና ሌላ ፕሮቲንን የሚለካ የደም ምርመራ ፈቅዷል፤ የፈቀደው ግን ራሳቸውን ለተመቱ ሰዎች ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ሁሉ እስኪጣራ ድረስ ስሙንና ቀኑን እየጠየቀች ሕመምተኛውን ደጋግማ የምታይ አስታማሚ ከውድ መርማሪ መኪና ትበልጣለች።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከሳጃና ብዙ ሰው ተሰዷል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ኪኒን ዕድሜውን ሙሉ መውሰድና አይ ኤን አር በተባለው ልክ ደሙን ማስመርመር አለበት። ይህ ከተቋረጠ የረጋው ደም ወደ አንጎል ይሄዳል፤ ዋናው ጉዳት የሚመጣውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የቫልቩ ዓይነት፣ የኪኒኑ መጠንና የመጨረሻው የምርመራ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ከፓስፖርት ጋራ አብሮ ይያዝ። የቤት እመቤቶችም ጎመንና ሙሉኺያን አንድ ሳምንት አብዝተው ሌላውን ሳምንት ጨርሰው እንዳይተዉ ይሁን፤ በቅጠሉ ያለው ቫይታሚን ኬ የኪኒኑን ኀይል ይቀንሳል። የሕመምተኛው አፍ ወደ አንድ ወገን የጠመመ፣ ክንዱ የዛለ ወይም ንግግሩ የተወላገደ እንደ ሆነ፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድና ምልክቱ የታየበት ሰዓት ይነገር፤ ሐኪሙ ፊተኛ የሚጠይቀው ሰዓቱን ነው።