ኮምፒውተር ሲነሣ ዲስክ መርማሪው ለምን ይከሽፋል?

ኮምፒውተሩ ሲከፈት ገጹ ይጠቁራል። ዲስኩ ሊመረመር መሆኑን የሚገልጽ ነጭ ጽሑፍ ይመጣል፤ ወዲያውም መርማሪው ዲስኩን በቀጥታ መክፈት እንዳልቻለ አስታውቆ ያልፋል። ዊንዶውስ እንደ ወትሮው ሥራውን ይቀጥላል። በማግስቱም ያው መልእክት ይመለሳል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የዋሽንግተን አጎራባች ከተሞች፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ላፕቶፕ የቤተሰብ ማኅደር ሊሆን ይችላል፤ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ቅጂ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የታክሲ ሥራ ወጪ መዝገብ ይቀመጥበታል። የአሜሪካ የገቢ መሥሪያ ቤት የታክስ ሰነዶች በአብዛኛው ለ3 ዓመት እንዲቆዩ ይመክራል። መልእክቱን «እስከ ሠራልኝ ድረስ» ብሎ ማለፍ ስለዚህ አያዋጣም።

ቼክዲስክ የተባለው መርማሪ በዋናነት የሚያየው የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚያሳየውን መዝገብ ነው። ዊንዶውስ በዚህ መዝገብ ላይ ስህተት ሲያገኝ ዲስኩ ይመርመር የሚል ምልክት ያኖራል። ምርመራው እስኪሳካ ድረስ ምልክቱ ስለማይነሣ ጥያቄውም ይመላለሳል።

መርማሪው መዝገቡን ለመጠገን ዲስኩን ለብቻው መያዝ ይኖርበታል። ደንበኛ ሳይገባ ዕቃውን እንደሚቆጥር ባለሱቅ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ሳይነሡ ሥራውን መጨረስ አለበት። ሆኖም ከእርሱም የሚቀድሙ አሉ። የአንዳንድ ጸረ ቫይረሶች፣ ዲስክ የሚመሰጥሩና መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዙ ፕሮግራሞች ድራይቨሮች ቀድመው ተነሥተው ዲስኩን ይይዙታል። መልእክቱም በቅርቡ የተጫነ ሶፍትዌርን ይወነጅላል፤ የተወንጃዩን ስም ግን አይናገርም።

ጥፋተኛውን ከመፈለግ በፊት ሰነዶቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ጥገናው ራሱ ከአደጋ ነጻ አይደለም። እ.አ.አ በዲሴምበር 2020 ማይክሮሶፍት ያሰራጨው አንድ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ በተጫነባቸው ጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ፣ ይኸው መርማሪ እንዲጠግን ሲታዘዝ የፋይል ሥርዓቱን ሊያበላሽና ኮምፒውተሩ እንዳይነሣ ሊያደርግ እንደሚችል ኩባንያው አሳውቆ ነበር፤ ኋላም አስተካክሎታል።

ቅጂው ከተያዘ በኋላ ቀላሉ ፈተና መርማሪውን ከዊንዶውስ ውጭ ማሠራት ነው። የሺፍትን ቁልፍ እንደተጫኑ «ሪስታርት» የሚለውን ሲመርጡ የማገገሚያው ገጽ ይከፈታል፤ እዚያ የሌሎች ኩባንያዎች ድራይቨሮች በአብዛኛው አይነሡም። በዚህ ገጽ «ሲ» የነበረው ዲስክ በሌላ ፊደል ሊጠራ ስለሚችል ትእዛዝ ከመስጠት በፊት ማረጋገጥ ያሻል። በትእዛዙ ላይ «ኤፍ» የሚለው ፊደል ሲጨመር መዝገቡ ይጠገናል። «አር» ግን የተበላሹ የዲስኩን ክፍሎች ጭምር ስለሚያስስ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው እዚህ ላይ የሚመጣው ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ጥያቄ ነው። በበርካታ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ቢትሎከር የተሰኘው ምስጠራ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ይገኛል። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ስለሚቀመጥ በስልክ ማየት ይቻላል። በሲልቨር ስፕሪንግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም በአሌክሳንድሪያው ቢትሊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው ግን ከአካውንቱ ሳይወጣ መነሣት የለበትም።

ምርመራው እዚያ ከተሳካ ጥርጣሬው ወደ ሶፍትዌር ያዘነብላል። በቅርቡ የተጫኑትን የጥበቃና የዲስክ ፕሮግራሞች አንድ በአንድ እያነሡ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይቻላል።

ዲስኩ የሚንቋቋ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ፋይል መገልበጥ ከወትሮው እጅግ ከዘገየ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ «አር» የሚለው ትእዛዝ የደከመውን ዲስክ ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ዲስኩን መረጃ ለሚያድን ባለሙያ መስጠት ይሻላል።