የቀብር ቀን የተቆረጠለት ኮምፒውተር

ሜይንፍሬም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በድሮ ፊልም ያየው አዳራሽ ሙሉ ማሽን ነው። የዛሬው ከትልቅ ፍሪጅ እምብዛም አይበልጥም። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ብዙዎቹ ትልልቅ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሒሳባቸውን አሁንም የሚያወራርዱት በእሱ ነው።

ከተራ ሰርቨር የሚለየው በፍጥነቱ አይደለም። ሰርቨር ሲበላሽ ይቆምና ሌላው ሥራውን ይረከባል። ሜይንፍሬም ሲበላሽም አይቆምም። በውስጡ ሥራ ፈትተው ተራ የሚጠብቁ ፕሮሰሰሮች አሉት፤ አንዱ ሲሳሳት ማሽኑ ራሱ ስህተቱን ይይዝና የተጀመረውን ስሌት ለተጠባባቂው ያስረክባል። በዚያች ቅጽበት ከኤቲኤም ብር የሚያወጣው ደንበኛ ምንም አይታወቀውም። ቴክኒሻኑ በሩን ከፍቶ የተበላሸውን ክፍል ሲቀይርም ሥራው አይቋረጥም። ከዲስክ ጋር የመመላለሱን ጣጣ ደግሞ ለዚሁ ብቻ የተመደቡ ፕሮሰሰሮች ይሸከሙታል።

ርካሽ ሰርቨር ያጠፋዋል ማለት የቆየ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ስቱዋርት አልሶፕ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ቀኑን ሳይቀር ቆርጦ ነበር፤ የመጨረሻው ሜይንፍሬም ማርች 15 ቀን 1996 ይነቀላል አለ። ቀኑ መጣ፣ አለፈም። እኔ ግን ሰውየው ጨርሶ ተሳስቷል አልልም። የሜይንፍሬም አምራቹ አይቢኤም በእነዚያው ዓመታት በውኃ የሚቀዘቅዘውን ውድ ቺፕ ትቶ፣ የፒሲ ቺፕ ወደሚሠራበት ሲሞስ ወደተባለው ርካሽ ስልት ዞረ። ሜይንፍሬሙ የዳነው የተቀናቃኙን መሣሪያ ነጥቆ ነው።

አነስ ያለ ሥራ የነበራቸው ግን ከሜይንፍሬም ወጥተዋል፤ ናሳ የመጨረሻውን በ2012 አጥፍቷል። ትልልቆቹን ያሰራቸው የማሽኑ ዋጋ ሳይሆን ኮዱ ነው። በ1964 ለወጣው ሲስተም 360 ለተባለው የአይቢኤም ሜይንፍሬም የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬም ሊሠራ ይችላል። ኮቦል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው የወለድ ስሌት ለአሥርተ ዓመታት ሲለጣጠፍ ኖሯል፤ ብዙዎቹ ጸሐፊዎቹም ጡረታ ወጥተዋል። ማዛወሩ ራሱ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ በ2018 አይቶታል። የደንበኞቹን ሒሳብ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያሻግር እስከ 1.9 ሚሊዮን ሰው ገንዘቡን ማየት አቃተው፤ ባንኩም ኋላ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። እንዲህ ያለ ቅጣት ያየ ቦርድ ፊት ቀርቦ «ሰርቨር ይረክሳል» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

አዲሱ ሥራ በአብዛኛው ወደ ሰርቨር መሄዱ አልቀረም። የስልክ ባንኪንጉ መተግበሪያ የሚሠራው እዚያ ነው። ሆኖም ደንበኛው ቀሪ ሒሳቡን በነካካ ቁጥር ጥያቄው ከኋላ ወዳለው ሜይንፍሬም ይደርሳል፤ ርካሹ ሰርቨር እስካሁን ለአሮጌው ማሽን ሥራ ሲጨምርለት ነው የሚታየው።