የሥራ ፈቃድ ሲያበቃ በውጭ ሀገር አሠሪን ስለመለወጥ

ከሸዋ ቤንች፣ ከሚዛን አማን፣ ከቴፒና ከአካባቢያቸው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሙት የሁለት ዓመት ውል ነው። ውሉ ወይም ፈቃዱ ሲያበቃ ሠራተኛው ነፃ ሆኖ ወደፈለገው አሠሪ መሄድ የሚችል ይመስለዋል። ሆኖም የፈቃዱ ጊዜ ማብቃት ብቻውን ሠራተኛውን ከአሠሪው አይለየውም። ዝውውሩ በሀገሪቱ መንግሥት ሳይመዘገብ ከሥራ ቦታው የወጣ ሰው በሕጋዊ መንገድ ቢገባም ሕገ ወጥ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሰነዶቹን መለየት

ቪዛ ወደ ሀገሪቱ ለመግባት ያገለግላል። የሥራ ፈቃድ ለተወሰነ አሠሪ ለመሥራት፣ በአረብ ሀገራት “ኢቃማ” ተብሎ የሚታወቀው የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በሀገሪቱ ለመቆየት ያስችላል። የሥራ ውል ደመወዝንና የሥራ ሁኔታን ይወስናል። የአንዱ ጊዜ ሲያበቃ ሌላው ጸንቶ ሊቆይ ስለሚችል ሠራተኛው የእያንዳንዱን ማብቂያ ቀን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። “ከፋላ” በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ስም ጋር የተያያዘ በመሆኑ ፈቃዱ በአንድ አሠሪ ስም እያለ ለሌላ መሥራት የሀገሪቱን ሕግ መጣስ ነው።

የማሳደስ ኃላፊነት

የኢትዮጵያ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ሽፋን ወጪዎች በአሠሪው እንዲከፈሉ ይደነግጋል። የሳዑዲ አረቢያ የሥራ ሕግም በሚሸፍናቸው ሠራተኞች ረገድ የማሳደሻውን ክፍያና በመዘግየት የሚመጣውን ቅጣት በአሠሪው ላይ ያደርጋል። ስለሆነም ለማሳደሻ ተብሎ ከደመወዝ ገንዘብ ሲቀነስ ሠራተኛው ጉዳዩን ለኤምባሲው ማሳወቅ ይገባዋል።

ዝውውር የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች

በሳዑዲ አረቢያ ከመጋቢት 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው ማሻሻያ መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ እንዲሁም የሥራ ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜው ካለፈ፣ ያለ አሠሪው ስምምነት መዛወር ይችላል። ይህ ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። ለእነርሱ በወጣው የተለየ ውሳኔ አሠሪው የሦስት ወር ደመወዝ ሳይከፍል ሲቀር፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ካለፈ በ30 ቀን ውስጥ ሳይታደስ ሲቀር ወይም ሠራተኛዋ ሳታውቅ ለሌላ ሰው እንድትሠራ ስትደረግ ዝውውር መጠየቅ ይቻላል። ኳታር በበኩሏ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ለዝውውር የቀድሞ አሠሪን ፈቃድ ማቅረብ ቀርቶ ሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲለቅ ፈቅዳለች። ደንቦቹ ከሀገር ሀገርና ከሙያ ሙያ ስለሚለያዩ ለጎረቤት ወይም ለጓደኛ የሠራው መንገድ ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ወረቀቱ ከእግር ይቅደም

ሠራተኛው ፈቃዱ ከማብቃቱ ከሁለትና ከሦስት ወራት በፊት እንዲታደስለት ወይም እንዲለቀቅ በጽሑፍ መጠየቅና የጥያቄውን ቅጂ መያዝ ይጠበቅበታል። አዲስ አሠሪ ካገኘ ዝውውሩ በሀገሪቱ የሥራ መሥሪያ ቤት ወይም በዲጂታል ሥርዓቱ መመዝገቡን ማረጋገጥ፣ አዲሱንም ውል ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማቅረብ አለበት። ዝውውሩ ሳይጠናቀቅ ከሥራ ቦታ መውጣት አሠሪው “ጠፍቷል” የሚል ክስ እንዲያስመዘግብ ዕድል ይሰጠዋል። በሳዑዲ አረቢያ “ሁሩብ” የሚባለው ይህ ክስ እስርንና ከሀገር መባረርን ሊያስከትል ይችላል። “ነፃ ቪዛ አለኝ፤ ከማንም ጋር መሥራት ትችያለሽ” የሚል ደላላም ገንዘብ ከመቀበል ባለፈ ሕጋዊ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።

የዚህን ጉዳይ ክብደት የ2006 ዓ.ም. ተሞክሮ ያሳያል። የሳዑዲ መንግሥት ከመጋቢት 2005 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ጥቅምት 2006 ዓ.ም. የውጭ ሀገር ሠራተኞች አሠሪ እንዲለውጡና ሰነዳቸውን እንዲያስተካክሉ የምሕረት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ጊዜው ሲያበቃ በተካሄደው ዘመቻና በተከታዮቹ ወራት ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል።

ድብደባ፣ ጾታዊ ጥቃት ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሲኖር ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለደኅንነት ነው። ሠራተኛዋ ወረቀት ሳትጠብቅ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ኤምባሲ ወይም ወደ ቆንስላ መሄድ አለባት። ሳዑዲ ላሉ ዜጎች ኤምባሲው በሪያድ፣ ቆንስላው በጅዳ ይገኛል።

የቤተሰብ ድርሻ

ሚዛን አማን ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ችግር ከተከሰተ በኋላ ሰነድ ፍለጋ መመላለስ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። በመሆኑም ቤተሰብ የፓስፖርቱን፣ የቪዛውን፣ የውሉንና የኢቃማውን ቅጂ፣ የኤጀንሲውን ስምና አድራሻ እንዲሁም የአሠሪውን ሙሉ ስም አስቀድሞ ይዞ መቆየት ይገባዋል። አዋጁ ኤጀንሲውን ለውሉ መጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ስለሚያደርገው ቤተሰብ በሀገር ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው እነዚህን ሰነዶች ይዞ ነው። ለተጨማሪ መረጃ በአቅራቢያ የሚገኘውን የወረዳ ወይም የዞን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል።