አንድ ስም፣ ሁለት ተራራ

ከወልድያ ተነሥቶ ስሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ የምድሩን ከፍታና ዝቅታ በዐይኑ ያያል። የኮንቱር መስመር ያጠና የሀብሩ ተማሪ ያንኑ ተራራ በወረቀት ላይ ያነብበዋል። ዛሬ የምናነሣው ግን ዐይን የማያየውን ተራራ፣ የዋይ ፋይ ሞገድ የሚሠራውን ነው።

በአንድ ግቢ ውስጥ ኢንተርኔት የሚያሠራጩ አክሰስ ፖይንቶች የሚተከሉት በፈቃድ ነው። ይሁን እንጂ ማንም ሰው አንዲት ትንሽ ሣጥን ገዝቶ፣ የግቢውን መረብ ስም ሰጥቶ፣ ከጠረጴዛ ሥር ሊያኖራት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው ደካማ ምልክት ያማረረው ሰው እንጂ ተንኮለኛ አይደለም። ሆኖም ሣጥኗ ከውስጥ መስመር ጋር ከተያያዘች ከአጥር ውጭ ላለ ሰው እስከ ውጤት መዝገብ የሚዘልቅ በር ትከፍታለች፤ ተንኮለኛ ከሆነም የተማሪዎችን የይለፍ ቃል ይለቅምባታል።

ታዲያ እንዴት ትገኛለች? በገላጣ ስፍራ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የምልክቱ ኃይል ወደ ሩብ፣ ማለትም በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ስለዚህ ቡና የሚቆላበትን ቤት በሽታው እንደምንፈልግ ምልክቱ ወደሚበረታበት መሄድ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። በውጭ አገር ስንማር ላፕቶፕ ይዘን ምልክቱ የበረታበትን ክፍል አንኳኩተን ምንም ያላጠፋ ሰው አስቀይመናል። ሣጥኗ ከኮሪደሩ ማዶ ነበረች፤ ሞገዱ በተከፈተ በር ወጥቶ፣ ከብረት ቁም ሣጥን ላይ ነጥሮ ነበር የደረሰን። ግድግዳም እንዲሁ ያታልላል፦ 10 ዴሲቤል የሚውጥ ግድግዳ ርቀቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ያስመስለዋል።

መፍትሔው ካርታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኦስሎ ተመራማሪዎች 4 ሜትር የሚረዝም ባለመብራት ዘንግ ይዘው በሌሊት እየተጓዙ የዋይ ፋይን ጥንካሬ በፎቶግራፍ አሳይተዋል። እኛ የሕንፃው ንድፍ፣ ምልክት የሚለካ ስልክና ባለቀለም እርሳስ ይበቃናል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲሜትር በመሆኑ እጃችንን ጥቂት ብናንቀሳቅስ ንባቡ ይለዋወጣል፤ የገዛ ሰውነታችንም ሞገዱን ይጋርዳል። ስለዚህ በየነጥቡ ወደ አራቱም አቅጣጫ ዞረን ለክተን አማካዩን እንጽፋለን። እኩል የሆኑትን ነጥቦች በመስመር ስናያይዝ ተራራው ብቅ ይላል። ግድግዳ እንደ ገደል በድንገት ይቆርጠዋል፤ ርቀት ግን ቀስ እያለ ያወርደዋል።

የስልካችን ዝርዝር አንድ ስም ብቻ ያሳያል። የተተከሉት መሣሪያዎች ሦስት ሆነው ካርታው አራት ጫፍ ካወጣ ግን አራተኛው የማን ነው? የመሣሪያው መለያ ቁጥር እንኳ ተመሳስሎ ቢሠራ፣ በአንድ ቁጥር ሥር በሰፊ ሸለቆ የተለያዩ ሁለት ተራሮች ይታያሉ።

ይህን ልምምድ መርሳ በሚገኘው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስም ሆነ በማንኛውም ትምህርት ቤት ከአስተዳደሩ ፈቃድ አግኝቶ መሥራት ይቻላል። ለመለካት ከመረቡ ጋር መገናኘት አያስፈልግም። ሣጥኗን ያገኘ ተማሪም ሳይነቅላት ካርታውን ለኔትወርኩ ኃላፊ ያስረክብ።