በምግብ ቤት የአቀማመጥ ሥርዓትና አለመግባባትን በመልካም ቃል መፍታት

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ የምትገኘው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነው። በምሳ ሰዓት ከሩቅ የመጣ መንገደኛና የከተማዋ ነዋሪ በአንድ ምግብ ቤት ይገናኛሉ። «ሰው አለው?» ብሎ ከማያውቁት ሰው ጎን መቀመጥ፣ «እንብላ» ብሎ መጋበዝና መጎራረስ የቆየ ጨዋነት ነው። በወረርሽኝ ወቅት ግን ይህ ልማድ ለበሽታው መተላለፊያ ሊሆን ይችላል፤ ግብዣውን አለመቀበልም እንደ ንቀት ተቆጥሮ ቅሬታ ያስነሣል።

ርቀት ለምን ያስፈልጋል?

ሰው ሲመገብ ማስኩን ያወልቃል። ሲነጋገር፣ ሲስቅና ሲያስል ቫይረሱን የያዙ ጥቃቅን ጠብታዎች ሊወጡ ይችላሉ። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. በቻይና ጓንዡ ከተማ በአንድ መስኮት አልባ ምግብ ቤት ውስጥ በተቀራረቡ ጠረጴዛዎች ከተመገቡ ሦስት ቤተሰቦች መካከል 10 ሰዎች በኮቪድ-19 ተይዘዋል። ስለዚህ ጠረጴዛን ከማራራቅ ጋር መስኮትና በርን ከፍቶ አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ያስፈልጋል።

መመሪያው ምን ይል ነበር?

በ2013 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 መሠረት በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ ማስተናገድ ተከልክሎ ነበር፤ የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀትም መጠበቅ ነበረበት። ተመጋቢው እስኪቀርብለት ድረስ ማስኩን ባያወልቅ ይመረጣል።

አለመግባባት እንዳይፈጠር

• ደንቡ በበር ላይ ይነገር። አምስት ሆነው ለመጡ እንግዶች፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ በአንድ ጠረጴዛ የምናስተናግደው ሦስት ሰው ስለሆነ በሁለት ጠረጴዛ እናስቀምጣችኋለን» ማለት ይቻላል። ከተቀመጡ በኋላ ማስነሣት ግን ያስቀይማል።
• እንግዳው በሚሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ በአክብሮት ይነገረው።
• ሌላ ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ ክልከላውን የሚናገረው ተመጋቢው ሳይሆን አስተናጋጁ ይሁን። እንዲህ ሲሆን እንግዳው የቤቱ ደንብ እንጂ የሰው ጥላቻ እንዳልሆነ ይረዳል።
• ጉርሻ ሲቀርብ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ማመስገን በቂ ነው።
• የሚያስል ሰው በሰው ፊት አይወቀስ። ሳል በበርበሬ፣ በአቧራ ወይም በአስም ሊመጣ ይችላል። አስተናጋጁ ለብቻ ቀርቦ መስኮት አጠገብ ያለ ቦታ ወይም ምግቡ ተቋጥሮ እንዲሰጠው ይጠይቀው።

ጠብ ከተነሣ

በጩኸት የሚነጋገር ሰው በዝግታ ከሚነጋገር የበለጠ ጠብታ ያወጣል፤ ጠቡ ራሱ የበሽታው መንገድ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አስተናጋጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማስኩን ሳያወልቅና ርቀቱን ጠብቆ ይናገር፤ ካልተግባቡ የቤቱን ኃላፊ ይጥራ። ሌሎች ተመጋቢዎችም ከበው አይቁሙ።

የበሽታው ምልክት የታየበት ሰው በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎ ምክር ያግኝ። ዛሬ ገበታን መለየት ነገ ሁሉም በጤና በአንድ ገበታ እንዲሰበሰብ ነው።